ሐጂ ሙርሳል የተሸከመው ጣሪያ

ኻሚስ በደንብ የሚችላቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ማቀንቀን፣ ሌላው በማያገባው መግባት። በአሶሳ ኮረብታዎች ሥር የነበረችው መንደር የእንግዳ ቤቷን እንዲጠብቅ የሰጠችው ለሌላ ነገር ስለማይሆን ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱ እውነት ነው። ማሽላው ሁልጊዜ ከጎረቤቶቹ ማሽላ ያጥራል፤ ፍየሎቹም ከእርሱ ቤት ይልቅ የሰው ጓሮ ያውቃሉ። በእንግዳ ቤቱ ነገር ግን የሚያህለው አልነበረም። መንደሩ በየተራ ለእንግዳ ገንፎ ያወጣል። ተራዋን የዘነጋች ካለች ኻሚስ በራፏ ላይ ይቆምና ስሟን እየጠራ ያወድሳታል። "የቸሯ ሴት ገንፎ ሸተተኝ፣ አሁን መጣ፣ አሁን ደረሰ" እያለ ሲያዜም መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ገንፎው ሳይውል ሳያድር ከች ይላል።

በዚያ ዓመት በጋ የእንግዳ ቤቱ ሞልቶ ነበር። የዘመቻ እሳት ከወንዙ ማዶ ያሉትን መንደሮች ጠርጓቸው፣ የተረፈው ሰው ልጁን አዝሎ ድስቱን ተሸክሞ ይመጣል። አብዛኛው ጥቂት ሰንብቶ ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። ዓዲላ ግን የምትሄድበት ዘመድ አልነበራትም። ባሏን መንገድ ላይ ንዳድ ገድሎባት፣ ቀብራው፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ስትገባ ቃል አልተነፈሰችም። ልጆቿም አይስቁም፣ አያለቅሱም። ኻሚስ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል ያውቅበታል፤ ዝም የሚል ልጅ ግን አስፈራው።

መንደሩ ቀስ በቀስ ያዛቸው። የኻሚስ ሚስት ዐፊፋ ምላሷ ስለት ነው፤ "ነይ አብረን እንፍጭ፤ ብቻዬን ከሆንኩ የዚህን ሽማግሌ ወሬ እየሰማሁ ነው የምፈጨው" ብላ ዓዲላን ከተቀመጠችበት አስነሣቻት። የመንደሩ ቁርኣን አስተማሪ ፈቂ ጁምዓ ትንንሾቹን ከተማሪዎቹ ከደረሶቹ ጋር ዛፍ ሥር አስቀመጣቸው። አንዷ የባሚያ ዘር ሰጠች፣ ሌላዋ ጫጩት፣ ሌላዋ ጆሮው የተሰበረ ድስት። አንድ ቀን ትልቋ ልጅ ኢቲዳል የኻሚስ ፍየል የኻሚስን ጥምጥም ስትበላ አይታ ፍርስ ብላ ሳቀች። ዓዲላ የልጇን ሳቅ ስትሰማ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ኻሚስ ይህን አይቶ ጥምጥሙን ለፍየሏ ተወላት።

የእንግዳ ቤት ግን የመንገደኛ ቤት ነው። የመንደሩ ደንብም የታወቀ ነበር። ዝናቡ ሲገባ የራሱ ጣሪያ ያለው፣ ከጣሪያው ሥር እሳት ያነደደ ሰው የመንደሩ ሰው ነው፤ ማሳ ይሰጠዋል፣ ማንም አይነካውም። ጣሪያ የሌለው ደግሞ ክረምቱን ወደሚያስጠጋው ቤት ይገባል፤ አንዴ ከገባ የዚያ ቤት ሰው ይሆናል። "የዚያ ቤት ሰው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ለማስጠጋት የሚቸኩል ሰው አልጠፋም ነበር። ሐጂ ሙርሳል የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሐጅ ማድረጉን ከራሱ በቀር ያየ የለም፤ ወደ ሱዳን ሄዶ ሲመለስ "ሐጂ" ተብሎ መጣ፣ መንደሩም ጨው ስለሚፈልግ አልተከራከረም። ከአርብ ሶላት በኋላ ሰው እንዳይበተን አቁሞ፣ "ያቺ ምስኪን ከነልጆቿ እኔ ዘንድ ትግባ፤ ቤቴ ሰፊ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የቤቱን ስፋት ማሪያም ታውቀዋለች። እርሷም ከዓመታት በፊት "ለአንድ ክረምት" ተብላ ከልጇ ጋር የገባች ሴት ናት። ክረምቱ አለፈ፤ መፍጨቱ ግን አላለፈም። ልጇን ሐጂ "ንግድ ይልመድ" ብሎ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ሱዳን ላከው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። በየሠርጉና በየድግሱ የሐጂን ገንፎ ተሸክማ ትመጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትመለሳለች። ሰው ገንፎውን እንጂ እርሷን አያይም።

ስለዚህ ለዓዲላ ነፊር ተጠራ። ነፊር መንደሩ ነቅሎ ወጥቶ ለአንድ ሰው የሚሠራበት ቀን ነው፤ የጠራው ያበላል፣ የተጠራው ይሠራል። ዓዲላ የምታበላው ስላልነበራት ዐፊፋ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ማሽላ ሰብስባ አስቀቀለችና "የጠራችው ዓዲላ ናት፣ ማንም ሌላ ነገር እንዳይል" አለች። ወንዶቹ ቀርከሃ ቆርጠው፣ ሰንጥቀው፣ ከጅረቱ ማዶ ካለው ከፍታ ላይ ክብ ግድግዳ ጎንጉነው አቆሙ። ያማረ ግድግዳ ነበር። ሣር ግን ከየት ይምጣ? የበጋው ሰደድ እሳት ሜዳውን አመድ አድርጎታል። የተረፈው አንድ ኮረብታ ላይ ያለው ሣር ብቻ ነው፤ ያ ኮረብታ ደግሞ ሐጂ ሙርሳል በእሾህ አጥሮ "የአህዮቼ ነው" እስኪል ድረስ የሁሉም ነበር። ኻሚስ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሊለምነው ሄደ።

"ሐጂ፣ ለአንዲት ጎጆ የሚበቃ ሣር ይስጡን።"

"ኻሚስ፣ አንተ ደግ ነህ፤ ግን አታስብም። ሣሩን የጨው ጎተራዬን ልከድንበት ነው። ጨው ዝናብ ቢነካው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?"

"ሰውስ ዝናብ ቢነካው?"

"ሰው አይሟሟም" አለ ሐጂ ሙርሳል። "ደግሞስ እነርሱ ምን አስጨነቃቸው? እኔ ዘንድ ይገባሉ።"

ይባስ ብሎ ለጎተራው እርሱም ነፊር ጠራና ኻሚስን የጣሪያው መሪ እንዲሆን አዘዘው። በዚያ አገር ጣሪያ የሚሠራው መሬት ላይ ነው። ዋርካው ሥር ባለው ሜዳ ቀርከሃው ይዋቀራል፣ ሣሩ ይታሰርበታል፤ ከዚያ ወንዶቹ ከሥሩ ገብተው በትከሻቸው ያነሡታል። ጣሪያው እስከ ወገባቸው ስለሚሸፍናቸው የሚታያቸው የገዛ እግራቸው ብቻ ነው። መንገዱን የሚነግራቸው ከፊት ከፊት እየሄደ የሚያቀነቅን ሰው ነው። ቀኝ ሲላቸው ወደ ቀኝ፣ ጉድጓድ ሲላቸው ዘለል። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከኻሚስ ጉሮሮ የሚሻል አልነበረም።

ኻሚስ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "አልመራለትም" አለ። "ጉሮሮዬን አሞኛል እለዋለሁ።"

ዐፊፋ ማሽላ ታበጥር ነበር፤ ቀናም አላለች። "ምን ያሳምምሃል? ምራ እንጂ።"

"ለጨው ጎተራ?"

"እነርሱ የሚሄዱት አንተ ወደመራህበት ነው። ከሥሩ ሆኖ የሚያይ ሰው አለ?"

 ነገሩ ሲገባው የኻሚስ ሳቅ ከሆዱ ተነሥቶ ትከሻውን አርገፈገፈው። "አንቺ ሴትዮ፣ አላህ ካንቺ ይጠብቀኝ" አለ።

"ረፍዶብሃል" አለችው።

ያስቸገረው ልኩ ነበር። የሐጂ ጎተራ ከዓዲላ ጎጆ ይሰፋል። መለኪያውን ገመድ የሚይዘው ግን ያው መሪው ነው። በነፊሩ ማለዳ ሐጂ ሙርሳል ከአሶሳ ከመጡ ነጋዴ እንግዶቹ ጋር ወሬ ሲይዝ ኻሚስ የዓዲላን ግድግዳ የለካበትን ገመድ ከጉያው አወጣና ክቡን መሬት ላይ ጫረ። ቀርከሃው ተዋቅሮ ሣሩ መታሰር ሲጀምር ሐጂ መጥቶ አየውና ቅንድቡን ሰበሰበ።

"ኻሚስ፣ ይህ አላነሰም?"

"መሬት ላይ ሲያዩት ነው እንጂ ሲወጣ ይሰፋል፣ ሐጂ።"

"እንዴት ብሎ?"

"ነፋስ ይገባበታላ።"

ሐጂ ሙርሳል በእንግዶቹ ፊት አላውቅም ማለት አልፈለገም። "ነው፣ ነው፣ ነፋስ" ብሎ አለፈ።

ተንኮሉ የተነገረው ከፊት ለሚሸከሙት ወንዶችና በዓዲላ ግድግዳ ውስጥ ፍም ይዘው ለሚጠብቁት ሴቶች ብቻ ነው። ለዓዲላ አልተነገራትም። "ይቺ ቀጥ ያለች ናት፣ ታበላሽብናለች" ብላ ዐፊፋ ከለከለች። "ግድግዳውን ምስጥ እንዳይበላው እናጭሰው" ብላ ነው ይዛት የሄደችው።

ሁሉም ነገር የተሰናዳ ሲመስል ሐጂ ሙርሳል ረጅም ቀሚሱን፣ ጀለቢያውን፣ ሰብስቦ ወገቡ ላይ አሰረ። የኻሚስ ሐሳብ ሐጂ ጎተራው ዘንድ ሆኖ ይጠብቃል የሚል ነበር። እርሱ ግን እንግዶቹ እንዲያዩት ፈልጓል። "ባለቤቱ ካልተሸከመ ምኑን ነፊር ሆነ?" አለና ከኋላ በኩል፣ ገፊዎቹ በሚቆሙበት፣ አጎንብሶ ከጣሪያው ሥር ገባ። ኻሚስ በመጀመሪያ ክው አለ። ቀጥሎ ሰውዬው የገዛ ጣሪያውን ተሸክሞ የት እንደሚያደርሰው ሲታሰበው፣ ሳቁ እንዳያመልጠው ጢሙን ነከሰ።

"ቢስሚላህ፣ አንሡ" አለ። ጣሪያው ብድግ አለ፤ ከሥሩ የሚታየው ባዶ እግር ብቻ ነበር።

ወደ ጎተራው የሚወስደው መንገድ በግራ በኩል ቁልቁል ነው፣ ደረቅ ነው። ወደ ዓዲላ የሚወስደው በቀኝ ሆኖ ጅረት ይሻገርና ዳገት ይወጣል። ኻሚስ ድምፁን ለቀቀው።

"የቸሩን ሰው ጣሪያ፣ ወደ ቀኝ ያዙት!"

"ሆ!" አሉ ከሣሩ ሥር።

"ኻሚስ፣ ለምን ወደ ቀኝ?" አለ የሐጂ ድምፅ ታፍኖ።

"በግራ በኩል ንብ ተነሥቷል፣ ሐጂን እንዳይነድፍብን!" ሲል ኻሚስ ዜማውን ሳይለቅ መለሰ። በንብ ነገር የሚከራከር የለምና ሐጂ መግፋቱን ቀጠለ። ጥቂት እንደሄዱ ግን እግሩ ከውሃ ገባ።

"ውሃ ነው እንዴ? በመንገዳችን ውሃ የለም እኮ።"

"የሐጂ ቤት ሴቶች ወጡ፣ ለእግራችን ውሃ አፈሰሱ!"

"እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም።"

"ሳያዙ ነው የሚያፈሱት፣ ይወዱዎታላ!"

ጣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከፊት ያሉት ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። ከኋላ የሚከተሉት የአሶሳ እንግዶች አገሩን ስለማያውቁት ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጅረቱን ተሻገሩ፤ እንዲያውም አንዱ ስለ ዜማው ማማር ይናገር ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ሐጂ ማለክለኩ እስከ ፊት ተሰማ።

"ኻሚስ፣ ጎተራዬ ዳገት ላይ አይደለም።"

"ሜዳ ነው፣ ሐጂ። ደክሞዎት ይሆናል።"

ይህ ቃል ከጅራፍ ይልቅ ሠራ። ደከመው እንዳይባል ሐጂ ሙርሳል ጥርሱን ነክሶ ገፋ። ያን ዳገት ያን ያህል የገፋ ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አልታየም። የፊተኞቹ የጣሪያውን ጠርዝ ግድግዳው ላይ አሳረፉት፣ የኋለኞቹ ደግሞ በባላ እንጨት ወደ ላይ ገፉት። ሐጂም ከእነርሱ ጋር "ያ አላህ" እያለ ገፋ። ጣሪያው ተንሸራትቶ ግድግዳው ላይ ልክክ አለ። ወዲያው ከውስጥ እልልታ ተሰማ፣ ጭሱም በአዲሱ ሣር መሐል ሰርጎ ወጣ።

ሐጂ ሙርሳል ላቡን እየጠረገ ቀና አለ። ግድግዳውን አየ። ጅረቱን አየ። ከጅረቱ ማዶ፣ ወዲያ ታች፣ ክዳን የሌለውን የራሱን ጎተራ አየ።

"ይህ የኔ ጎተራ አይደለም" አለ።

ኻሚስ ቦታውን ገና አሁን እንዳየ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ። "እውነትዎን ነው።"

"አውርዱት።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በዚያ አገር እሳት ከነደደበት ቤት ላይ ጣሪያ የሚወርደው ባለቤቱ የሞተ ዕለት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ጣሪያ ላይ እጁን የሚያነሣ፣ ያንን ሰው ሙት እንዳለው ይቆጠራል። ወንዶቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አንዱ ከእግሩ እሾህ የሚያወጣ መስሎ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ዓዲላ ወጣች። ጣሪያውን፣ የሐጂን ፊት፣ ሰማይ ሰማይ የሚያየውን ኻሚስን በየተራ አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት።

"ሐጂ" አለች፣ "እኔ የሰው ጣሪያ አልፈለግሁም። በስህተት የመጣ ከሆነ እሳቱን አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ ያለ ነውር ያወርዱታል።" ተመልሳ ገብታ ውሃ የሞላ ቅል ይዛ ወጣች።  ልጆቿ በሩ ላይ ቆመው፣ ትንሹ የበሩን ቀርከሃ በሁለት እጁ ጨብጦ ይዞ ነበር።

 ለኻሚስ ነገሩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጨዋታ ነበር፤ ሳቁ፣ ንቡ፣ ነፋሱ። አሁን ግን ያ እሳት ቢጠፋ እነዚህ ልጆች የማን ቤት ሰዎች እንደሚሆኑ ታየው፤ ማሪያምም ልጇም ታሰቡት። ፈቂ ጁምዓን በዓይኑ ፈለገ።

የተናገረው ፈቂ ጁምዓ ነው። ሽማግሌው ዱላውን ብብቱ ሥር ከትቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። "ሐጂ ሙርሳል ሣሩን ከኮረብታው አምጥቶ፣ ጣሪያውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ፣ የቲሞችን፣ አባት የሌላቸውን ልጆች፣ ከዝናብ ጋረደ። ሁላችንም በዓይናችን አየን። አላህ ይቀበለው።"

"ኣሚን" አለ መንደሩ። "ኣሚን" አሉ የአሶሳ እንግዶች። የሐጂም እጆች ሳያስበው በልማድ ተነሥተው ነበርና እርሱም "ኣሚን" አለ። ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የታወቀው። ከእንግዶቹ አንዱ "ማሻአላህ፣ ይህንን አሶሳ ገብቼ ሳልናገር አልውልም" ሲል ሐጂ ጢሙን ዳበሰ።

"ሰደቃ ነው" አለ በመጨረሻ።

ዓዲላ ቅሉን እንደያዘች አልተንቀሳቀሰችም። "ቤቱ የማን እንደሆነ በአፍዎ ይበሉልኝ፣ ሐጂ።"

"ያንቺ ነው አልኩ እኮ" አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው። ዓዲላ ያን ጊዜ ውሃውን ለእርሱ ሰጠችው። ጠምቶት ነበርና እስከ ታች ጠጣው።

ማሪያም የነፊሩን ገንፎ ይዛ ጎተራው ዘንድ ስትጠብቅ ጣሪያው ወደ ሌላ ሲሄድ አይታ ነበር። ትልቁን ድስት ተሸክማ፣ ጅረቱን ተሻግራ መጣች። የነፊር ምግብ የሚበላው ጣሪያው ባረፈበት ነውና ማንንም ሳትጠይቅ ዓዲላ ቤት ገብታ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ በላ። ሐጂ ሙርሳልም በላ፤ እንግዶቹ ደግነቱን ሲያነሡለት እየሞቀው ሄዶ "ደግ ሥራ ትከሻ አያሳምምም" እስከማለት ደረሰ። ትከሻውን ግን ያሽ ነበር። ሲነሣ በበሩ ብቅ ብሎ "ማሪያም፣ ድስቱን አንሺና እንሂድ" አለ።

ማሪያም ከእሳቱ አጠገብ አልተነሣችም። ወደ ዓዲላ ዞረች። "እህቴ" አለች ቀስ ብላ፣ "ክረምቱ መድረሱ ነው። ካንቺ ዘንድ መጠጊያ ይኖረኛል?"

 ኻሚስ ደንግጦ ቀረ። ለገንፎ ሲል የመንደሩን ሴቶች ስም በየበራፉ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ የማሪያምን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ተንኮል ለዓዲላ ሲሸርብ፣ ማሪያም በየድግሱ ፊቱ ስትመላለስ፣ ለእርሷም አንድ ነገር ማድረግ አልታሰበውም። አፈረ፤ አፍሮ የማያውቅ ሰው አፈረ።

ዓዲላ ወደ ሐጂ አላየችም። "ልጆቹ ወዲያ ጠጋ ይላሉ" አለች። "ሰሌኑን ወደዚህ አንጥፊው፤ እዚያ በኩል ነፋስ አለ።"

ሐጂ ሙርሳል ፈቂውን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ ወንዶቹን አየ። ገና አሁን ቤቱን ያንቺ ነው ብሎ በአፉ መስክሯል፤ እሳት ካለበት ቤት እንግዳ ጎትቶ የሚያወጣ ደግሞ በዚያ አገር ሰው አይባልም። ጣሪያውን የተሸከሙት ወንዶች አንድ በአንድ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ባዶውን ድስት ራሱ አነሣ፣ ዳገቱንም ወረደ።

ኻሚስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ማሪያም" አለ፣ "የልጅሽ ስም ማን ነበር?"

ማሪያም ስሙን ከማንም ጋር ካነሣችው ብዙ ጊዜ ስለነበር ቶሎ አልወጣላትም። "አልአሚን" አለች። "ሄዶ ሲለየኝ ይህን ያህል ነበር" ብላ በእጇ ቁመቱን አሳየች፤ ከዚያ እጇን እዚያው አየር ላይ እንደዘረጋች አለቀሰች። ዐፊፋ አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት።

ከዚያ ወዲህ ከሱዳን በኩል የመጣ መንገደኛ ሁሉ የእንግዳ ቤቱን ገንፎ ከመቅመሱ በፊት ኻሚስ ፊቱ ይቀመጥና ይጠይቀዋል። "አልአሚን የሚባል ልጅ አላየህም? አሁን ጎልማሳ ሳይሆን አይቀርም። ካገኘኸው፣ እናትህ ከሐጂ ቤት ወጥታለች፣ ቤቷ ከጅረቱ ማዶ ነው በለው።"